የድስት ሙዚቃ በአኻያው ቤት ደጅ

ዳፍኒ ኮብሊ የኔዘርኮም ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበረች። ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ማኅተም መቺም እሷው ናት፤ ፖስታ ቤቱ ራሱ ከመኖሪያ ቤቷ ላይ የተቆረሰ አንድ ክፍል ነው። ቴምብር ሊገዛ የገባ ሰው የጎረቤቱን የጉልበት ሕመም፣ የቄሱን ጉንፋን፣ የቤተክርስቲያኑ ግንብ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ ሰምቶ ነው የሚወጣው። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ ሳቋም እንደዚያው። ይሄ ነገር ይደረግ ካለች ይደረጋል። ለምደናታል፤ እንወዳትም ነበር።

እሷ ደግሞ የምትወደው የመንደሩን ታሪክ ነው። የቅርስ ኮሚቴውን ያቋቋመችው እሷ ናት። አሮጌውን የውኃ ጉድጓድ ከእሾህ ያስጸዳችው፣ የድሮውን የወፍጮ ድንጋይ ከጭቃ አስወጥታ መሃል ሜዳው ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ይህን ፍቅር ያወረሳት አባቷ ዊልፍ ነው። ዊልፍ ጋሪ ሠሪ ነበር፤ ወግ አዋቂ፣ ሰው የሚሰበስብ፣ ልጆቹን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሮጥ ሰው። ከሞተ ቆይቷል፤ በገና ምሳ ላይ ያወራቸው የነበሩትን ወጎች ግን ዳፍኒ በሱው ድምፅና በሱው የእጅ አነሳስ ታወራቸዋለች።

ከወጎቹ ሁሉ የሚያስቀው የድስት ሙዚቃው ነው። ድሮ በኛ አካባቢ አንድ ሰው ነውር ሠራ ከተባለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ድስትና መጥበሻ፣ ባልዲና የላም ደወል ይዞ ደጁ ላይ ይሰበሰብና ጆሮ እስኪደነቁር ይደበድባል። ሰውየውን የሚመስል የጭድ አሻንጉሊት ይሠራና በመጨረሻ ይቃጠላል። በኔዘርኮም ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ በመንደሩ ጫፍ ባለው በአኻያው ቤት ደጅ ነው። ዊልፍ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ቀሚስ ለብሶ ከፊት የጨፈረው እሱ ነው። "ቀሚሱ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ!" ይላል ገና በመጣ ቁጥር፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ወገቡን እያወዛወዘ። ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። በማን ላይ ነው የተደረገው፣ ምን አድርጋ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቤተክርስቲያናችን ስምንት መቶ ዓመት የሞላበት በጋ መጣ። በዓሉን ለማዘጋጀት ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ሻይና ብስኩት ይዞ ተቀመጠ፤ ዳፍኒም የድስት ሙዚቃው በሰልፍ ይታይ አለች። ሁሉም ደስ አለው። አሞስ ፍራይ ብቻ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። አሞስ ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን አጥር ሲከረክምና መቃብር ሲቆፍር የኖረ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው።

"ሌላ ነገር ብንመርጥ ምን አለበት?" አለ።

"ምን የመሰለ?"

"ገመድ ጉተታ። ገመድ ጉተታን ማን ጠልቶ ያውቃል?"

"አሞስ፣ ገመድ ጉተታ የትም መንደር አለ። ይሄ የኛ ነው!"

"ያ ነገር ጥሩ ነገር አልነበረም፣ ዳፍኒ።"

"አንተ ደግሞ! አንተን ሠርግ ቢጠሩህም ቀብር ነው የሚመስልህ።"

ሁላችንም ሳቅን። አሞስ ፒፓውን መልሶ ጎረሰ።

በአኻያው ቤት ያኔ የሚኖሩት ሚስስ ማርዌል ነበሩ። ባላቸው ሲሞት ከሩቅ ከተማ መጥተው ቤቱን የተከራዩ፣ ዝምተኛ ሴትዮ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ካናዳ ላለው ልጃቸው ደብዳቤ ይልካሉ፤ ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ፀሐዩ አንድ ቃል ተናግረው ይሄዳሉ። ዳፍኒ በበዓሉ ሳምንት ደብዳቤያቸው ላይ ማኅተም እየመታች፣ "ቅዳሜ ሰልፍ በደጅዎ ያልፋል፣ ትንሽ ጫጫታ ይኖራል፤ እንዳይደነግጡ" አለቻቸው።

"የምን ሰልፍ?"

"የቆየ የመንደር ጨዋታ ነው። ይወዱታል!" አለችና ከኋላቸው ጥቅል ይዞ ወደቆመው ሰው ዞረች።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከቤተክርስቲያኑ በር ተነሣን። አናጢው ቴሪ ቀሚስ ለብሶ፣ ከንፈሩን ቀብቶ ከፊት ይጨፍራል። ከሱ ቀጥሎ እንጨት ላይ የተሰካች የጭድ ሴት አለች፤ ጉንጯ ቀይ፣ ወገቧ ላይ ሽርጥ የታሰረላት። ከኋላ እናቶች ድስት፣ አባቶች ባልዲ፣ ልጆች ያገኙትን ቆርቆሮ ይዘዋል። የጋዜጣ ሰው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በጎን በጎን ይሮጣል። ዳፍኒ የአባቷን የድሮ ባርኔጣ አድርጋ፣ በእንጨት ማንኪያ የመዳብ ድስት እየመታች ትመራለች። እንዲህ ደስ ብሏት አይተናት አናውቅም።

አኻያው ቤት ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ከቦ ቆመ። ዳፍኒ ማንኪያዋን ወደ ላይ አነሣች፣ ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። አባቷ ያስተማራትን ጀመረች። "ትውጣ! ትውጣ!" እኛም ተቀበልን። "ትውጣ! ትውጣ!"

በሩ ተከፈተ። ሚስስ ማርዌል ሽርጥ አድርገው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጭቷል። መጀመሪያ የሚናገሩት አልተሰማም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያየ ከፊት ያለው ሰው ድስቱን ረገብ አደረገ።

"እናቴ የለችም" አሉ። "ሞታለች። ወደየቤታችሁ ሂዱ።"

አንዱ ሳቀ። ሌላው "ጎበዝ!" ብሎ አጨበጨበ፤ ከጨዋታው ውስጥ ያሉ መስሎታል። ቴሪ ቀሚሱን በሁለት ጣቱ ይዞ እጅ ነሣና አብረውት እንዲጨፍሩ እጁን ዘረጋላቸው። ካሜራው ቀጭ አለ።

አሞስ ከሰልፉ ጋር አልመጣም ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። አሁን ቆቡን አውልቆ በሰዉ መሃል እየገፋ መጣና ዳፍኒን ክንዷን ያዛት።

"አስቁሚው" አላት።

"ምነው?"

"አስቁሚው፣ ዳፍኒ። ልጅቷ ናት።"

"የቷ ልጅ?"

"የዚህ ቤት ልጅ። ያኔ መስኮቱ ላይ የነበረችው።"

ዳፍኒ ሚስስ ማርዌልን አየች፤ ቴሪን ከነቀሚሱ አየች፤ የጭዷን ሴት አየች። ሽርጧ ከሚስስ ማርዌል ሽርጥ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ያኔ ሁሉም የሚያደርገው ከገበያ የሚገዛው ሰማያዊ ሽርጥ። እጇን አነሣች። ጩኸቱ ከፊት ወደ ኋላ እየቆረጠ ሄደ። ከታጠፈው መንገድ በኋላ ያሉት ልጆች ግን የነገራቸው ስላልነበረ ለብቻቸው ቆርቆሯቸውን መደብደባቸውን ቀጠሉ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ደስ ብሏቸው ሲደበድቡ እንሰማቸዋለን። ሚስስ ማርዌል እነሱም እስኪያበቁ ጠበቁ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ድስታችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን። ኮቱ ሥር የሸሸገ ነበር። ባልዲውን አፉን ወደ ታች አዙሮ ዝም ብሎ እንደሚሸከም ሰው የያዘ ነበር። የጭዷ ሴት ሜዳው ላይ ልትቃጠል ነበር፤ ክብሪት የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ቴሪ ቀሚሱን ሳያወልቅ ተሸክሟት ከአዳራሹ ጓሮ ጣላት። ሻይ ተቀድቶ ነበር፤ የጠጣ ጠጣ፣ ሁሉም ቶሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ዳፍኒ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አሞስን ከመቃብሩ አጥር ጋር አገኘችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩሽ።"

"ገመድ ጉተታ አልከኝ እንጂ!"

አሞስ ፒፓውን በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀ። "ምን ልበልሽ? እኔም ቆርቆሮ ስደበድብ ነበር ልበልሽ? ሕፃን ነበርኩ፤ አባትሽ ጣሳ ሰጠኝ፣ ተከተልኩት። መስኮቱ ላይ እኔን የምታክል ልጅ ነበረች። እያየኋት ነው የደበደብኩት። ሴትዮዋ ተመልሳ ስትመጣ ባካሄዷ አወቅኳት። አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋልሽ ብያት አላውቅም።"

"ሌላስ የሚያውቅ አለ?"

"በኛ ዕድሜ ያለ ሁሉ ያውቃል። አንቺ ስታወሪው አብረን የምንስቀው ሁሉ።"

ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤቱን ዘግታ ወደ አኻያው ቤት ሄደች። ኬክ ጋግራ ይዛለች። ሚስስ ማርዌል በሩን ከፈቱና መጀመሪያ ኬኩን አዩ።

"እሱን ውጪ አስቀምጪው" አሉ። "እሱ መሃላችን ካለ ስለ ኬክ ነው የምናወራው።"

ኬኩን ደረጃው ላይ ትታ ገባች። ወጥ ቤት ውስጥ ትይዩ ተቀመጡ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለች ዳፍኒ። "አላወቅኩም ነበር። በእግዚአብሔር፣ አላወቅኩም።"

"እንደማታውቂ አውቃለሁ። ቴምብር ስትሸጪልኝ ያን ወግ ለሰው ስትነግሪ ስንቴ ሰምቼሻለሁ። የምታውቅ ሰው እንዲያ አትስቅም።"

ዳፍኒ አንገቷን ደፋች።

"እናቴ የምላት አክስቴ ናት" አሉ ሚስስ ማርዌል። "የወለደችኝ ስትሞት ትንሽ ነበርኩ፣ ፊቷ አይታየኝም። እህቷ እኔንና ወንድሜን ልታሳድግ መጣች። አባቴ ከጦርነቱ ሲመለስ ሳንባው ተቃጥሎ ነበር፤ እሱንም የምታስታምመው እሷ ናት። አንድ ጣራ ሥር ነን፣ ምን ይደረግ? መንደሩ የእህቷን ባል ወረሰች አለ።"

"እውነት ነበር?" አለች ዳፍኒ። ቃሉ ካፏ ሳይወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ወጥቷል።

ሚስስ ማርዌል ሳይቆጡ አዩዋት። "አየሽ" አሉ፣ "አንቺም ዛሬ እንኳን መጀመሪያ ማጣራት ነው ያማረሽ። አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። ቢሆንስ?"

ዳፍኒ ፊቷ ጋለ፤ የምትገባበት ጠፋት።

"አባትሽ የለበሰው ቀሚስ አለ" አሉ ሴትዮዋ ቀጥለው። "ሁልጊዜ የምታወሪው። ያ ቀሚስ የእናቴ ነበር፣ የወለደችኝ። ስታድግ ይሆናታል ብላ አክስቴ በየበጋው አጥባ ታሰጣዋለች። ከገመዱ ላይ ነው የወሰደው። አልመለሰውም።"

ዳፍኒ ልጅነቷን ሙሉ፣ ካደገችም በኋላ፣ ያን ቀሚስ እያሰበች ስንት ጊዜ እንደሳቀች ታወሳት። አባቷ ወገቡን ሲያወዛውዝ ታያት፤ ደግ ፊቱ፣ ልጆቹ የሚወዱት ጢሙ። ያው ሰው ነው። ሌላ አባት የላትም።

"ብዙም አልቆየን፣ ለቀን ወጣን። አባቴ በሄድንበት አገር የመጀመሪያውን ብርድ አላለፈም። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ስለ ሰዎቹ አንድ ቀን አላነሣችም። የምታወራው ስለዚህ ጓሮ ነው፤ ስለ ፖሙ ዛፍ፣ ስለ ጽጌረዳው። ቤቱ ለኪራይ መውጣቱን ስሰማ እሷ የናፈቃትን ልኑርበት ብዬ መጣሁ። ማንም አላወቀኝም። ደስ ብሎኝ ነበር።"

"በአዳራሹ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች ዳፍኒ እያለቀሰች።

"አትጠይቂም።"

"ለምን?"

"ደግሞ መድረክ ላይ ልትወጪ? እኔ ከታች ተቀምጬ፣ ሰው አንገቱን እያዞረ ሊያየኝ? አይሆንም። አፍሬያለሁ ካልሽ እቤትሽ ሆነሽ እፈሪ። የእናቴን ስም ደግሞ የትም እንዳትጠሪ።"

ስትወጣ ኬኩን ከደረጃው ላይ አንሥታ ይዛው ተመለሰች። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሰላም አሏት፤ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ የምትመልሰው ዳፍኒ ኬኩን በሻርፗ ሸፍና አለፈች።

በዚያው ሳምንት ጋዜጣው ወጣ። ሚስስ ማርዌል አፋቸውን ከፍተው፣ ከፊታቸው ቴሪ እጁን ዘርግቶ ይታያሉ። ከሥሩ "የአኻያው ቤት እመቤት በጨዋታው ተደስተዋል" ይላል። ጋዜጣ የሚሸጠው በዳፍኒ ፖስታ ቤት ነው። ከዚያ ቀን በፊት የመንደሩ ስም በጋዜጣ ሲወጣ መስኮቷ ላይ ትለጥፍ ነበር። ያን ቀን የገዛ ሁሉ አጥፎ፣ ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ የቅርስ ኤግዚቢሽኑ ገና አልተነሣም ነበር። ከወፍጮው ፎቶ ቀጥሎ የዊልፍ ፎቶና የድስት ሙዚቃው ወግ በዳፍኒ እጅ ተጽፎ ተሰቅሏል። ዳፍኒ መጥታ ወጉን አወረደችው።

ቄሱ አጠገቧ ቆመው፣ "ባዶውን እንተወው፣ ዳፍኒ" አሏት። "ሰው ይረሳዋል።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለች።

ሌላ ወረቀት ጽፋ ከአባቷ ፎቶ ሥር ለጠፈች። የሰውም የቤትም ስም አልጠራችም። "ከጦርነቱ በኋላ የዚህ መንደር ሰዎች አንዲት ሴትና የምታሳድጋቸውን ልጆች ድስት እየደበደቡ ከቤታቸው አስወጡ። ከፊት የነበረው አባቴ ነው። እኔም እንደ ቀልድ ደገምኩት። ዳፍኒ ኮብሊ።"

ብዙ ሰው ወፍጮውን ረጅም ጊዜ እያየ ይህንን ፈጥኖ አለፈ። አሞስ ግን መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና "እኔን ረሳሽኝ" አላት።

"የራስህን ራስህ ጻፍ።"

ከቄሱ ኪስ እስክሪብቶ ተውሶ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት "አሞስ ፍራይም ነበረ" ብሎ ጨመረበት። ሌላ የጨመረ ሰው የለም።

ወሬው ከተማ ያለው ወንድሟ ራስል ዘንድ ደረሰ። ስልክ ደወለ።

"የሞተ ሰው ነው የምትከሺው?" አላት። "አባዬን?"

"ያደረገውን ነው የጻፍኩት።"

"ሲጫወት እኮ ነው! ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር!"

"እኔም ስጫወት ነበር፣ ራስል።"

ዘጋባት። በዚያ ዓመት ገናን እሷ ዘንድ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። ዳፍኒ ምሳውን ብቻዋን በላች።

ሚስስ ማርዌል ሐሙስ ሐሙስ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ስለ ዝናቡ ይናገራሉ፣ ዳፍኒ "አዎ" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗን ከሚዛኑ አታነሣም ነበር። እንግዳ ገብቶ ስለ መንደሩ ታሪክ ሲጠይቃትም የጉድጓዱን አቅጣጫ ታሳየውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እውነት ለመናገር ያ ሳቋ ናፈቀን። እንዳንጠይቃት ደግሞ ሁላችንም ድስት ይዘን የነበርን ነን።

በሚቀጥለው በጋ በሰልፍ ፈንታ የአትክልት ውድድር ተደረገ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዳፍኒ፣ ቄሱና ከጎረቤት መንደር የመጣ አንድ አትክልተኛ። ሚስስ ማርዌል ፎሶሊያ ይዘው መጡ። በመንደሩ ነገር ሲሳተፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ፎሶሊያው ግን ጠማማ ነው፣ ያረጀ፣ እዚህም እዚያም ተባይ የነካው።

ዳኞቹ በር ዘግተው ሲመካከሩ ዳፍኒ አንደኛው ሽልማት ለዚህ ፎሶሊያ ይሰጥ አለች። ቀለሙን አመሰገነች። አትክልተኛው አንዱን ነክሶ፣ ክሩን ከጥርሱ መሃል እየጎተተ፣ "እመቤቴ፣ በዚህ ልብስ ማስጣት ይቻላል" አላት። እሷ አልተበገረችም፤ ስለ አፈሩ አነሣች፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አነሣች፣ ድምፅዋ እንደ ድሮው ከፍ አለ። ቄሱ ሲጨንቃቸው ቆይተው ከአትክልተኛው ጋር ሆኑ። ሽልማቱ ለቴሪ እናት ተሰጠ።

ሊመሽ ሲል፣ ሰው ሳህኑን ሲሰበስብ ሚስስ ማርዌል ፎሶሊያቸውን ቅርጫታቸው ውስጥ ገልብጠው ወደ ዳፍኒ መጡ።

"አመሰግናለሁ" አሉ።

"ለምኑ?"

"ሽልማት ስላልሰጠሽኝ። ትሰጠኛለች ብዬ እንዴት ፈርቼ እንደነበር። ይሄ ለአሳማም አይሆን።"

ዳፍኒ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ቀላች።

"ሰጥቼዎት ነበር" አለች በቀስታ። "ተከራክሬልዎት ነበር። ሁለቱ አሸነፉኝ።"

ሚስስ ማርዌል ቅርጫቱን ክንዳቸው ላይ አስተካከሉ። ትንሽ አዩዋት።

"እንግዲያው ሁለቱን አመስግኚልኝ" አሉና ወጡ።

ዳፍኒ ጠረጴዛ አግዢን ብለው እስኪጠሯት ድረስ ከሽንኩርቶቹ አጠገብ ቆማ ቀረች።